የትርንጎ ፍንጭት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰው ስም ይጠፋብኛል፤ ጥርስ ግን አይጠፋብኝም። ሞጣ ገበያ መሃል አንዱ "ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ" ብሎ ሲስመኝ ማን እንደሆነ ግራ ይገባኝና ፈገግ እስኪል እጠብቀዋለሁ። ፈገግ ሲል አንዷ የታች ጥርሱ ከጎረቤቷ ትንሽ ዞር ብላ ቆማ አያታለሁ። ያኔ ዓመቱም፣ የተቀመጠበት ወንበርም፣ የዚያን ቀን ጣሪያውን ሲደበድብ የዋለው ዝናብም አብረው ይመጣሉ። ስሙን ሳልጠይቀው ስለ ልጆቹ አውርተን እንለያያለን።

ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ሸለብ ሲያደርገኝ ደግሞ ይብሳል። ጥርሶቹ ያለ ፊት ይመጣሉ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ክር ይበጥሳል፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ያየኛል። ይህን ለልጄ ስነግራት "እማዬ፣ መነጽርሽን አውልቀሽ ተኚ" ብላ ትስቅብኛለች። እውነቷን ነው። ግን ከእነዚያ ጥርሶች መካከል አንድ ፍንጭት አለ፣ እሱ ሲመጣ ከእንቅልፌ እነቃለሁ። የዚህን ፍንጭት ባለቤት ስም ብቻ አልረሳሁትም፤ ትርንጎ ትባላለች።

ወደ ቢቸና የተመደብኩት መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው። ከደጀን ጀምሮ በጭነት መኪና ጋቢና መጣሁ። ሾፌሩ የጥርስ ባለሙያ መሆኔን ሲሰማ እስከ ቢቸና ድረስ አፉን እየከፈተ ሲያሳየኝ ነበር፤ መንገዱን ማን ያይ እንደነበር እሱ ያውቃል። ጤና ጣቢያው ለጥርስ የሰጠው አንድ ጠባብ ክፍል፣ ጀርባው የማይስተካከል ወንበርና በእግር የሚረገጥ መሰርሰሪያ ነበር። የመጀመሪያው አለቃችን ክፍሉን መጋዘን ሊያደርጉት ይመኙ ነበር። ሁለተኛው ራሳቸው የጥርስ ሕመምተኛ ስለነበሩ ተረፍን። ደመወዙ እንደማንኛውም የመንግሥት ደመወዝ ነበር፣ ቅጹም እንደዚያው ብዙ ነበር።

ሥራውን ያስተማረኝ ግን ትምህርት ቤቱ ሳይሆን ጋሽ ላቀው ነው። ጋሽ ላቀው በዚያው ጤና ጣቢያ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠሪ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ዝንጅብል የሚያኝክ ሰው። ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ ውሃ ያሞቃል። ለእጁ ነው። የሰው ፊት ከመንካቱ በፊት እጁን በሞቀ ውሃ ይነክራል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ "ቀዝቃዛ እጅ የነካው ሰው ቶሎ እሺ ይልሻል፣ ቶሎ ከእጅሽ ሊያመልጥ" አለኝ። ከዚያ ሕመምተኛውን ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀምጠውና ስለመጣበት መንገድ ያስወራዋል። ጥርሱን አያይም። የሚያየው ከንፈሩን ነው፤ ሲናገር የት ድረስ እንደሚገለጥ፣ ምን ሲል እንደሚሸፈን።

የጥርስ ቀለም የሚመርጠው ጠዋት፣ ጥላ ውስጥ ነው። የእኛ አገር ሴቶች ብዙዎቹ ያን ጊዜ ድዳቸው የተነቀሰ ነበር፤ ጠቆር ያለ ድድ ጥርስን ከሆነው በላይ ነጭ ያስመስለዋል። ስለዚህ ድዱን በእርጥብ ፋሻ ይሸፍንና የቀለም ናሙናዎቹን አንድ በአንድ ያስጠጋል። አምስት እስኪቆጥር ያያል፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ሣሩ አዙሮ ዓይኑን ያሳርፋል፣ እንደገና ያያል። አንድ ጥርስ ለመምረጥ ግማሽ ጠዋት ሲፈጅ እኔ እግሬን እቀያይር ነበር። ወጣት ነበርኩ፣ ችኩል ነበርኩ።

ከልማዱ ሁሉ የገረመኝ ግን የመስታወቱ ነገር ነው። ጥርሱ ተሠርቶ ለሙከራ አፍ ውስጥ ሲገባ መስታወቱን ለባለቤቱ ይሰጥና ከክፍሉ ይወጣል። እኔንም ይዞኝ ይወጣል። ዘመድ ካለ ዘመድ እንዲገባ ያደርጋል። ውጭ ቆመን ዝንጅብሉን ያኝካል፣ ስለ እህል ዋጋ ያወራኛል። ከቆይታ በኋላ ዘመድየውን ለብቻው ጠርቶ "ምን አለ?" ብሎ ይጠይቃል። አንድ ቀን፣

"ጋሼ፣ ባለቤቱን ለምን አትጠይቀውም?" አልኩት።

"ልጄ፣ እዚህ አገር ሰው የደከመለትን ሰው ዓይን እያየ አልወደድኩትም ይላል እንዴ? ይሉኝታው መቼ ያስችለውና። አንቺ ፊቱ ቆመሽ ወደድከው ወይ ብትይው እግዜር ይስጥልኝ ብሎሽ ይሄዳል። ቤቱ ሲደርስ አውልቆ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል።"

ለሚቸገሩና ለሚያመነቱ ደግሞ አንድ መልስ ነበረው፤ "ሦስት ገበያ ዋልና ተመለስ" ይላቸዋል። ሦስት ሳምንት ማለቱ ነው። ጥርሱ የማያመው፣ መልኩን ብቻ ያልወደደ ሰው ከሦስት ገበያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። የተመለሰው የእውነት ከፍቶት ነው።

ወደ ሞጣ ስዛወር ጋሽ ላቀው አንድ የቀለም ናሙና መርቆ ሰጠኝ። ሞጣ ጉም የሚወድ ከተማ ነው፤ ክረምት ላይ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የሰው ድምፅ ከሰውየው ቀድሞ ይደርሰኝ ነበር። በመንግሥት ሥራ ዓመታት ከቆየሁ በኋላ ከሚሌኒየሙ በዓል ትንሽ ቀደም ብሎ አንድ ወጣት ዶክተር የግል የጥርስ ክሊኒክ ከፈተና እኔን ወሰደኝ። እጁ ጥሩ ነበር፣ ልቡም ጥሩ ነበር፣ ጊዜ ግን አልነበረውም። ወንበሩ በኤሌክትሪክ ከፍ ዝቅ ይላል፣ መሰርሰሪያው ያፏጫል። ለሞጣ አዲስ የሆነ ነገርም ይዞ መጣ፤ የፖርስሊን ሽፋን።

ሽፋኗ ጥፍር የምታህል ስስ ነገር ናት። ከፊት ጥርስ ላይ ትለጠፋለች፣ የተሸረፈውን፣ የበለዘውን፣ የተጣመመውን ትሸፍናለች። ብርሃን ስለምታሳልፍ ጥርስ ትመስላለች። ከልቤ ወድጃታለሁ። ግን እሷን ለመለጠፍ ጥርሱ ከፊቱ በኩል በስሱ ይሞረዳል፣ የተሞረደ ጥርስ ደግሞ ተመልሶ አይሞላም። ሽፋኗ አሥር ዓመት፣ ከተጠነቀቁላትም ከዚያ በላይ ትቆያለች፤ ስትነሳ ሌላ መተካት ነው። አንዴ የገባ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ገባ ማለት ነው።

ሽፋኖቹ የሚሠሩት አዲስ አበባ ነበር። ዶክተሩ ይሞርዳል፣ እኔ የሕመምተኛውን አፍ ልክ ወስጄ በጄሶ እቀርጸዋለሁ፣ በጥጥ ጠቅልዬ በካርቶን አሽጌ ለአውቶቡስ እሰጣለሁ። የሞጣ ሰው መንጋጋ ከማርና ከቅቤ ጋር ተጭኖ በቢቸና አልፎ፣ ከደጀን ቁልቁል ወርዶ ዓባይን ሲሻገር በሐሳቤ አብሬው እሄድ ነበር። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ጄሶዎቹ እርስ በርሳቸው የሚነካኩ ይመስለኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽፋኖቹ በትንሽ ሳጥን ተቀምጠው ይመጣሉ።

ትርንጎ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ግሮሰሪ ነበራት። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኗት የአምስት ዓመት ልጇን ማኅሌትን ብቻዋን ታሳድጋለች። ሳቂታ ነበረች፤ ሳቋ መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። በላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶቿ መካከል ሰፋ ያለ ፍንጭት ነበራት፣ የግራዋ ጥርስ ትንሽ ወደ ውስጥ ትላለች፣ ድዷ ተነቅሷል። አንድ የበዓል ዋዜማ ከደንበኛ ጋር ተወራርዳ ጠርሙስ በጥርሷ ስትከፍት የግራዋ ጥርስ ጫፍ ተሸርፋ ቀረች።

"ስስቅ ምላሴን ትቆርጠኛለች ሲስተር" አለችኝ። "እንደው ትንሽ ብትሞሉልኝ።"

የጠየቀችው ይህን ብቻ ነበር። ቁራጯን በነጭ መሙያ መሙላት የአንድ ቀጠሮ ሥራ ነው። ዶክተሩ ግን አዲሱን ሥራ ሊያሳይ ጓጉቷል፣ እኔም ከእሱ አላንስም። ሁለቱንም ጥርሶች ብንሸፍናቸው እኩል ይሆናሉ አልናት። ጠርሙስ መክፈቱን ትተወው እንደሆን ጠየቅናት፣ ማለች። ሦስት ገበያ ዋይና ተመለሺ አላልኳትም። በማግስቱ አንድ ጤነኛና አንድ የተሸረፈ ጥርስ ተሞረዱ።

ቀለሙን ስመርጥ ጋሽ ላቀው ቢያየኝ ይኮራብኝ ነበር። ጠዋት፣ ጥላ ውስጥ፣ ንቅሳቷን በእርጥብ ፋሻ ሸፍኜ፣ ዓይኔን በሣር እያሳረፍኩ። በቀለሙ ስለረካሁ ሌላውን ረሳሁት። ከካርቶኑ ጋር በሚላከው ወረቀት ላይ "በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት" የሚል መስመር ነበር፤ ባዶውን ተውኩት። ጥርሷ ከመሞረዱ በፊት የወሰድኩትን ቅርጽም አብሬ አልላክሁትም።

ሽፋኖቹ መጡ። ከጄሶው ላይ ሳስቀምጣቸው ፍንጭቱ የለም። የሠራው ሰው ሁለቱን ጥርሶች ሰፋ አድርጎ አገናኝቷቸዋል። ግድግዳ ላይ የለጠፍነው ፖስተር ላይ ያለችው የፈረንጅ ሴት አፍ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ አማረኝ። ዶክተሩ "ፍንጭት አልነበራትም እንዴ?" አለኝ። "እንጠይቃታለን" አልኩት።

ሽፋኖቹ በማጣበቂያ ከመለጠፋቸው በፊት እንዲሁ ተቀምጠው ይታያሉ። ያን ጊዜ አልወደድኩም ካለች ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በሌላ ይሠራሉ፤ ከሳምንታት በቀር የሚጎዳ ነገር የለም። ትርንጎ ወንበሩ ላይ ቀና አለች። መስታወቱን እኔ ራሴ ፊቷ ያዝኩላት። ዶክተሩ በአንድ ጎኗ፣ እኔ በሌላ ጎኗ ቆመን ሁለታችንም ፈገግ ብለናል።

"እንዴት ነው፣ ወደድሽው?" አልኳት።

ብዙ ጊዜ አየችው። ምላሷን ፍንጭቱ በነበረበት ቦታ ላይ አሳለፈች። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብላ፣

"እግዜር ይስጥልኝ። በጣም ደከማችሁ" አለች።

ለጠፍነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማየት ጊዜ ወሰደብኝ። በግሮሰሪዋ በኩል ሳልፍ ሳቋ አይሰማም። መጀመሪያ አጋጣሚ መሰለኝ። ከዚያ ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አየኋት። ሳቅ ሲመጣባት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ታደርጋለች። ጥርሷ ተሸርፎ በነበረበት ጊዜ እንኳ አፏን አልሸፈነችም ነበር። እኔን ስታይ ደግሞ ነጠላውን አውርዳ፣ ደስ ብሏት የምትኖር መስላ ሰላም ትለኛለች። ያ ነበር የሚያቃጥለኝ።

አንድ ቅዳሜ ቢቸና ወርጄ ጋሽ ላቀውን ጠየቅኩት። ያን ጊዜ ከሥራ ወጥቶ ቤቱ ነበር፣ ዓይኑም ደክሟል። ሁሉንም ነገርኩት፤ ወረቀቱን፣ ቅርጹን፣ ፖስተሩን። ስለ አንዱም አልወቀሰኝም። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣

"መስታወቱን ስታይ አንቺ የት ቆመሽ ነበር?" አለኝ።

"አጠገቧ።"

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ። ወደ ሞጣ ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አለቀስኩ። ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ሲያጽናኑኝ መጡ፤ ጉዳዩ ጥርስ ነው ብዬ መናገር አፈርኩ።

ሥራዬን የለወጠው ያ ቀን ነው። ሽፋን ለሚፈልግ ሰው ሁሉ ሦስት ገበያ ማለት ጀመርኩ። በነጭ ሰም ጥርሱ ላይ አስመስዬ እሠራለትና ቤቱ ደርሶ ሰው አይቶት እንዲመለስ እለምነዋለሁ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ምኑ እንደሚከፋው እንጂ ምን እንደሚፈልግ አልጠይቀውም። ለሠርጉ ጥርሱን ሊያነጣ የመጣ አንድ ሙሽራ ነበር፤ እናቱን ለብቻዋ ስጠይቃት ተኝቶ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ነገረችኝ። ሽፋን ቢለጠፍለት ጫጉላው ሳያልቅ ይሰባብረው ነበር። ድዱ የሚደማውን መጀመሪያ ድድህን እናክም እለዋለሁ። ዶክተሩ "ሲስተር ደንበኛ የሚያባርር ቅዱስ መንፈስ አደረባት" እያለ ይቀልድብኝ ነበር፤ በኋላ ግን እሱም መስታወቱን ሰጥቶ መውጣት ለመደ።

ሽፋን በእርግጥ የሚያስፈልገው ሰውም ነበር። በስምጥ ሸለቆ ያደገ አንድ አስተማሪ ትዝ ይለኛል፤ ከልጅነቱ የጠጣው ውሃ ጥርሱን አበልዞት፣ ተማሪ ፊት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ነው የሚያስተምረው። በማጽዳት የሚለቅ አልነበረም። ሦስት ገበያ ዋለ፣ በሦስተኛው ማግስት ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ክሊኒኩ ደጅ ቆሞ ጠበቀኝ። ስድስት ሽፋን ሠራንለት። እኛ ወጥተን ሳለ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ፊደል ሲቆጥር ሰማነው። ዶክተሩና እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆመን እስከ መጨረሻው አዳመጥነው።

ዓመታቱ እንዲህ ሄዱ። ጡረታዬ ሦስት ወር ሲቀረው አንዲት ልጅ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል፣ ከመሄዷ በፊት የፊት ጥርሶቿን ማሠራት ትፈልጋለች። አፏን ስትከፍት እጄ ቆመ። ያ ፍንጭት ነበር። ያው ስፋት፣ ያው የግራዋ ጥርስ ትንሽ ወደ ውስጥ ማለት።

"ማኅሌት እባላለሁ። እናቴ ትርንጎ ናት፣ የግሮሰሪዋ" አለችኝ።

"ምኑ ነው የሚከፋሽ?"

"ክፍተቱ። ቤት ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ እንዲህ ያለሁት። የእማዬ ጥርስ ግጥም ያለ ነው። የኔ ከማን እንደመጣ አላውቅም። እንደ እሷ እንዲሆንልኝ ነው የምፈልገው።"

አላወቀችም ማለት ነው። ትርንጎ አልነገረቻትም። እኔም ልነግራት አልችልም፤ የትርንጎ ካርድ የትርንጎ ነው፣ ምስጢሩም የእሷ። ለልጅቷ ልላት የምችለውን ሁሉ አልኳት። ጥርሶችሽ ጤነኞች ናቸው፣ ይሞረዳሉ፣ አይመለሱም፣ ዕድሜሽን ሙሉ ስትተኪ ትኖሪያለሽ አልኳት። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ሁሉንም ሰማች። በሰም ዘግቼ ሰደድኳት። ሦስት ገበያ ዋለች። ሐሳቧን አልለወጠችም፤ እናቷን ይዛ ተመለሰች።

ትርንጎ ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ። ጠጉሯ ሸብቷል። ዶክተሩ እጁን እየታጠበ ነበር፤ ቀጠሮው ያን ቀን የልጅቷ ጥርስ እንዲሞረድ ነበር።

"ትርንጎ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?" አልኳት።

"እርስዎ ያሉት ይሁን ሲስተር። እርስዎ ያውቁበታል።"

"እኔ ያልኩት አንድ ጊዜ ሆኖ ነበር" አልኳት።

አየችኝ። እንደ ልማዴ እናትና ልጅን ትቼ ልወጣ ተነሳሁ። በሩን ሳልነካው፣

"ይቀመጡ። እርስዎም ይስሙት" አለች።

ነጠላዋን አወረደችው። ልጅቷን ሳይሆን መሬቱን እያየች ነበር የምትናገረው።

"ይኸ የኔ ጥርስ አይደለም ማኅሌት። እኔም እንዳንቺው ነበርኩ። አባትሽም በፍንጭቴ ነበር የሚያሾፍብኝ፣ በሱ ነው የወደደኝም። የተሸረፈ ላስሞላ መጥቼ ተዘግቶ ቀረ።"

"ለምን ዝም አልሽ?" አለች ልጅቷ።

ትርንጎ ወደ እኔ ቀና አለች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልነገረችኝን አሁንም ለመናገር የከበዳት እኔን እንዳታስቀይም ነበር፤ ፊቷ ላይ አነበብኩት።

"ደክመውበት ነበራ" አለች። "እንዴት ብዬ።"

ይቅርታ ጠየቅኳት። ቃሉ ትንሽ ነበር፣ ሌላ ግን አልነበረኝም። ከዚያ የአንቺ ሽፋን ዕድሜው እየደረሰ ነው፣ ስንቀይረው ፍንጭቱን እንመልሰዋለን፣ ያለ ምንም ክፍያ እንሠራልሻለን አልኳት። ዶክተሩም እጁ እንደረጠበ መጥቶ አዎ አለ።

"የኔስ አለፈ" አለች ትርንጎ። "እንዴት እንደነበር እንኳ ረስቼዋለሁ። ስትስቅ በሷ ነው የማየው። እሷም ከዘጋችው የኔን የት አየዋለሁ?"

ማኅሌት ተነሥታ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች። ሰሙን ከፍንጭቷ በጥፍሯ ፍቃ አወጣችና ለእናቷ ፈገግ አለች። ዶክተሩ መሰርሰሪያውን ቦታው መለሰው። እኔ የልጅቷን ካርድ ከፍቼ "ምርመራ ብቻ፣ ሕክምና አላስፈለጋትም" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩበት።